ቧንቧው ላይ ያሰርኩት ሽቦ

የመጀመሪያው ቴሌቪዥናችን የተቃጠለው እኔ ብቻዬን ቤት ውስጥ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ያኔም እንደ አሁኑ ዲምቱ በምትባል ከተማ ነበር የሚያስተምረው፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል። እኔ ሶዶ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። ሁለታችንም ለሥራ ተመድበን የመጣን እንግዶች ነን፤ ወላይትኛችን ከሰላምታና ከገበያ ብዙም አያልፍም። የተከራየነው ሁለት ክፍል ግቢ ውስጥ ካለው ትልቅ ቤት ጎን የተሠራ ነው። ትልቁ ቤት ውስጥ አከራያችን ይኖራሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከገሱባ የመጡ፣ ቀጭንና ቀጥ ያሉ አሮጊት። እማማ ነበር የምላቸው።

በሳምንቱ መሐል የዋለ በዓል ስለነበር ሥራ አልገባሁም። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ተቀምጦ ነበር። መብራት ሄዶ ቆይቶ መጣ። አምፖሉ በራ፤ ደመቀ፤ ከዚያም ይበልጥ ደመቀ። እንደዚያ ያለ ብርሃን በዚያ ክፍል አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው የሚስማር ቀዳዳ ሁሉ ታየኝ። ምን ቆንጆ ነው ብዬ ቀና ስል አምፖሉ ፈነዳ። ቴሌቪዥኑ ከኋላው ጧ አለና ጠፋ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የቆየ ዓሣ የተቀላቀለበት የሚመስል። ሳጣጥፍ የነበረውን ልብስ እንደታቀፍኩ ግቢው ውስጥ ሮጬ ወጣሁ። ከአጥሩ ማዶም ሰው ይጮሃል፤ የእነሱም ማቀዝቀዣ ተቃጥሎ ኖሯል።

ቴሌቪዥን ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ከፖሉ ላይ አንዷ ሽቦ ስትላቀቅ ኃይሉ እጥፍ ሆኖ ይገባል" አለኝ። "ይሄ ደግሞ እጥፉን አይችልም።" ባለቤቴ ቅዳሜ ሲመጣ የሞተውን ቴሌቪዥን በመዳፉ ዳሰሰና "ዋናው አንቺ ደህና መሆንሽ ነው" አለ። ይህን ሲል ግን የሚያየው ቴሌቪዥኑን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ፍርሃት ገባብኝ። ቢሮ ተቀምጬ የጣሪያው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ልቤ ቤት ደርሶ ይመለሳል። ጠዋት ሁሉንም ከሶኬት ነቅዬ እወጣለሁ፤ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ መንቀሌን እጠራጠራለሁ። ሁለት ጊዜ ከአደባባዩ ተመልሼ አይቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተነቅሎ ነው ያገኘሁት። ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ የግድግዳውን ማብሪያ እንኳ በእንጨት ማንኪያ ነበር የማጠፋው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ትልቅ ሰው አምፖል ሲደምቅ ይንቀጠቀጣል ብሎ ማን ያወራል?

ከብዙ ወራት በኋላ ሌላ ቴሌቪዥን ገዛን። ባለቤቴ ደግሞ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲመኘው የነበረውን አምፕሊፋየርና ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አመጣ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጋችን ቀን ማየቴን እርግጠኛ አይደለሁም። ዘፈኑን ከፍቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አምፖሉን እያየሁ ነበር።

ስታብላይዘር የገዛሁት በማግሥቱ ነው። ኃይሉን የሚያመጣጥን ከባድ የብረት ሳጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጥር ይታያል፣ ኃይሉ ሲወጣና ሲወርድ ውስጡ ጠቅ ጠቅ ይላል። ቁጥሩን ማየት ሥራዬ ሆነ። ቢሮ ስለዚህ ሳወራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ግራውንድ አለው?" አለኝ።

"ምንድን ነው ግራውንድ?"

"ከሳጥኑ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ነዋ። ትርፉ ኃይል በዚያ ይወርዳል። ያለዚያ ስታብላይዘርሽ ለስሙ ነው። ፌሮ ቆርጠሽ መሬት ውስጥ መቅበር ነው፤ እሱ ካስቸገረሽ የውኃ ቧንቧ ላይ እሰሪው። ቧንቧው ራሱ መሬት ውስጥ አይደለም እንዴ?"

አገላለጹ ቀላል ስለነበር እውነት መሰለኝ። ባለሙያ መጥራት ነበረብኝ፤ ግን ባለሙያ ሲመጣ እማማ ያያሉ። እማማ ስንገባ ያስጠነቀቁን አንድ ነገር ነበር፤ "ሳትነግሩኝ ሚስማር እንኳ እንዳትመቱ።" መሬት ቆፍሬ ፌሮ ልቅበር ብላቸው እምቢ እንደሚሉ አልተጠራጠርኩም። ቧንቧው ደግሞ በእኛ መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው፤ ከዚያ ጥጉን ዞሮ ግቢው መሐል ሁላችንም የምንቀዳበት ጋ ይወጣል።

እማማ ቤተ ክርስቲያን የሄዱበትን እሑድ ጠዋት ጠብቄ፣ ባለቤቴም ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጥቶ ሳለ፣ ሽቦውን በቢላ ላጥኩት። አንዱን ጫፍ የስታብላይዘሩ ብሎን ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን በመስኮቱ ቀዳዳ አውጥቼ ቧንቧው ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠመጠምኩት። እንዳይታይ በፌስታል ሸፈንኩት፣ ፌስታሉን ደግሞ በአሮጌ ጨርቅ። ባለቤቴ ሲመለስ "ግራውንድ አስገብቼለታለሁ" አልኩት። "ጎበዝ" አለኝ። እንዴት ብሎ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ለጥቂት ጊዜ ሰላም አገኘሁ፤ ጠዋት ስወጣ ከሶኬት መንቀሉንም ተውኩት። ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ያ ብርሃን ተመልሶ መጣ። አምፖሉ ነጭ እስኪሆን ደመቀ። ስታብላይዘሩ እንደታፈነ ንብ ጮኸ፣ ትንሽ የሙቀት ሽታ ወጣው፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ቴሌቪዥኑን አበራሁት። ሠራ። አምፕሊፋየሩን ነካሁት፣ ሠራ። ያንን ሽቦ በልቤ ባረክሁት።

ሳምንት ሳይሞላ እማማ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘውታል። አማርኛቸው ወንድና ሴት ይቀላቅላል፤ እንዲህ አሉኝ፤

"ልጄ፣ ይሄ ቧንቧ ነከሰችኝ።"

"ምን ሆና ነው እማማ?" አልኩ እየሳቅሁ።

"እኔ እንጃ። ውኃ ልቀዳ ስነካት እስከ ክርኔ ነዘረችኝ። እርጅና ነው መሰለኝ። ደም ብዛት ይሆናል።"

ሄጄ ቧንቧውን ያዝኩት። ምንም የለም፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። "ምንም የለውም እማማ" አልኳቸው። እሳቸው ሲቀዱ እግራቸውን አብረው ስለሚታጠቡ ጫማቸውን እንደሚያወልቁ፣ እኔ ደግሞ የጎማ ነጠላ ጫማ አድርጌ እንደቆምኩ ያኔ አላስተዋልኩም።

በየሁለትና ሦስት ቀኑ መንዘሩ ተመላለሰ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የምትመጣው፣ በመጣች ቀን እማማ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ይቆማሉ። አንዳንዴ ምንም አይሆኑም፤ አንዳንዴ እጃቸውን እያራገፉ ወደ ኋላ ይላሉ። ሐኪም ቤት ሄዱ። የነርቭ ይሆናል ብለው ክኒን ሰጧቸው፤ ማሸጊያውን አምጥተው አነብላቸው ዘንድ ሰጡኝ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ብዬ አነበብኩላቸው። ማንኪያ ሲይዙ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቦይና የሚሉትን ሥራሥር እየላጡ ቢላው ከእጃቸው ሲወድቅ አይቻለሁ። የነርቩ ይሁን የፍራቻው አላውቅም።

ከዚያ ለልጆቻቸው ደወሉ። ትልቋ ሴት ልጃቸው ከገሱባ መጣች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶችም መጡ፤ በእኛ መስኮት ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በእማማ እጅ ላይ ጭነው በወላይትኛ ጸለዩ። እኔ ከሥራ ስገባ ነበር፤ አልፌ መግባት ነውር ስለሆነ ቆምኩ። ቃሉ ባይገባኝም ልመናው ገባኝ። መጨረሻ ላይ አሜን ሲሉ እኔም አሜን አልኩ። እማማ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና ፈገግ አሉልኝ።

ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት ሐሙስ ቀን ነው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ እማማ አግዳሚው ላይ ከልጃቸውና ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወዝ አለው።

"ጸሎቱ ሰምሯል ልጄ" አሉኝ። "ትናንት ሙሉ ቀን ውኃ ስቀዳ ዋልኩ፣ አንዴም አልነካኝም።"

"ዛሬስ?" አልኩ።

ፈገግታቸው ቀነሰ። "ዛሬ ጠዋት የምትንጠባጠበውን ልዘጋት ስነካት ትንሽ ነገር ነበር።"

ትናንት መብራት አልነበረም፤ ዛሬ ጠዋት አለ። ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ መስኮቱ ሥር ሄደ። ያ አሮጌ ጨርቅ ከአንዷ ሴት ተረከዝ ኋላ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ነበር። ለማረጋገጥ ብዬ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው አንዱን ጫማዬን አወለቅኩና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆምኩ። በጣቴ ጀርባ ብረቱን ነካ አደረግሁት። እንደ ጉንዳን መንጋ የሆነ ነገር እስከ ትከሻዬ ወጣ። እጄን መለስኩ። ማንም አላየኝም።

ያን ሰዓት ዞሬ "ይሄን ቧንቧ እንዳትነኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ያሠቃየኋቸው ሴትዮ፣ የጸለዩላቸው ሴቶች፣ ከገሱባ የተጠራች ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ፊቴ ተቀምጠዋል። ቤት ገባሁና ስታብላይዘሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት። በቃ፣ ከተነቀለ ሞቷል አልኩ። ሽቦውን ነገ ሰው በሌለበት እፈታዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ በመስኮቱ የሚገባውን ወሬ ሰማሁ፤ ስለ እኔ እያወሩ መሰለኝ። ስለ ገበያ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ልፈታው ስወጣ የእማማ ልጅ ከሽቦው አጠገብ ልብስ ታጥባለች። ከሰዓት እፈታዋለሁ ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ለባለቤቴ ደውዬ ነገሩን ብነግረው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ምን እለዋለሁ? ግራውንዱን ያስገባሁት በዘዴ ሳይሆን በስርቆት ነው ልበለው? ደግሞስ የሚመጣው ነገ አይደል?

ዝናብ ያዘና ከቢሮ ዘግይቼ ወጣሁ። ካፊያው አላቋረጠም፤ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው ጭቃማ መንገድ ገባሁ። ገና ሦስት አጥር ሲቀረኝ ሙዚቃ ሰማሁ። መጀመሪያ ከየት እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ድምጹን ለየሁት፤ ወፍራም፣ መሬቱን የሚያንቀጠቅጥ። በሰፈሩ እንደዚያ የሚጮህ ስፒከር ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።

ባለቤቴ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቷል፤ ስታብላይዘሩንም መልሶ ሰክቶታል።

ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ውኃ የምትመጣበት ቀን ነው። የግቢውን በር በትከሻዬ ገፋሁት።

እማማ ቧንቧው ጋ ነበሩ። ቆመዋል፤ አቋቋማቸው ግን የሚቀዳ ሰው አቋቋም አይደለም። ቀኝ እጃቸው ቧንቧውን ጨብጧል፣ ጀርባቸው እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ አፋቸው ተከፍቷል፤ ድምጽ ግን አይወጣም። ጀሪካኑ ሞልቶ ውኃው በባዶ እግራቸው ላይ ይፈስሳል። ልጃቸው ከቤት ብቅ ብላ "እናቴ!" ብላ ወደሳቸው ሮጠች።

"እንዳትነኪያቸው! ኮረንቲ ነው! እንዳትነኪያቸው!" ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ድምጽ ከእኔ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷ ቆመች። ባለቤቴን "ንቀለው!" አልኩት፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ እንዴት ይስማኝ? ዘልዬ ቤት ገባሁ። ወለሉ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። በላዩ ተረማምጄ ሶኬቱን ከነገመዱ ጎትቼ አወጣሁት። ሙዚቃው ተቆረጠ። ወዲያው ከውጭ ሰው ሲወድቅ ተሰማ።

በሕይወት ነበሩ። ሲሚንቶው ላይ በጎናቸው ወድቀው ይተነፍሳሉ፤ መዳፋቸው መሐል ነጭ የሆነ የቃጠሎ ምልክት አለ። ባለቤቴ አቅፎ አነሳቸው፤ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። መንገዱን ሁሉ ልጅቷ "እንዴት ኮረንቲ መሆኑን አወቅሽ?" እያለች ትጠይቀኛለች። ሐኪሞቹ ልባቸውን በመሣሪያ እስኪያዩ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የምፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ እንዳይሞቱ እፈራለሁ፣ ነቅተው እንዳይጠይቁኝም እፈራለሁ። ሁለተኛው ፍርሃት መኖሩን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ደህና ናቸው፣ ለአንድ ቀን እንያቸው ተባለ። ለባለቤቴ እዚያው ኮሪደር ላይ ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ሰማኝ። "የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ልጅቷ ቡና ጠጣ ብላኝ እንኳ፣ ትንሽ ሙዚቃ ልስማ ብዬ..." አልጨረሰውም።

ለእማማ የነገርኳቸው በማግሥቱ ጠዋት አልጋቸው ጎን ተንበርክኬ ነው። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሽቦውን፣ ጨርቁን፣ ሐሙስ ዕለት በጣቴ ጀርባ መንካቴን፣ ሁሉንም። ሲሰሙኝ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ" አሉ በመጨረሻ፤ "ሞት መጥቶ በእጄ እየሞከረኝ ነው አልኩ። ልጄን ጠርቼ ቤቱ ለማን እንደሚሆን ነገርኳት።" ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ሴቶቹ ሲጸልዩ አሜን ብለሃል።"

ያኔ አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ሐሙስንና ዓርብን አሰብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማማ ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ፣ ባለሙያ መጣ። ስታብላይዘሩን ከፍቶ ውስጡ የጠቆረ ጥቅልል ሽቦ አሳየን። ያ ብርሃን የመጣ ዕለት ተቃጥሎ ኃይሉን ለብረት ሳጥኑ አስተላልፏል፤ ሳጥኑ በእኔ ሽቦ ለቧንቧው። "ታዲያ መሬት መውረድ አልነበረበትም?" አለ ባለቤቴ። ሰውየው ወደ አጥሩ ወሰደንና በአካፋ ትንሽ ቆፈረ። ከአጥሩ ጀምሮ ወደ መንገዱ የሚሄደው ቧንቧ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር። "ይሄ ብረት መሬት አያውቅም" አለ። "እህቴ፣ ያሰርሽው ከመሬት ጋር አይደለም፤ ከሰው ጋር ነው።"

እማማ ራሳቸው በጣታቸው ባሳዩት ቦታ፣ ከቧንቧው ርቆ፣ ረጅም የመዳብ ዘንግ ቀበረ። ከቆጣሪው አጠገብ ደግሞ ኃይሉ ሲዛባ ሁሉንም የሚቆርጥ መሣሪያ ገጠመ። የእኔን ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ በእጄ ሰጠኝ።

የእማማ ትልቁ ወንድ ልጅ ከሁምቦ መጥቶ ቤቱን እንድንለቅ ነገረን። ዕቃ ማሰር ጀምረን ነበር። እማማ ግን በወላይትኛ አንድ ነገር አሉት፤ ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ልጃቸው በኋላ ተረጎመችልኝ፤ "ይቆዩ፤ የት ሄደው ሌላ ሰው ሊገድሉ ነው?"

ቆየን። ግን ከዚያ በኋላ ውኃ በመጣች ጠዋት ሁሉ እማማ በራችንን ያንኳኳሉ። አይቆጡም፣ አይስቁም። "ነይ" ይሉኛል። ጫማዬን አወልቄ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እቆማለሁ፣ እሳቸው ጀሪካናቸውን ይዘው ከኋላዬ። ባለሙያው በቴስተር አረጋግጧል፣ ሽቦው የለም፣ ስታብላይዘሩ ተጥሏል፤ ሁሉንም አውቃለሁ። እጄ ግን ብረቱ ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል። ዓይኔን ጨፍኜ እይዘዋለሁ። ቀዝቃዛ ብረት። ያኔ እሳቸው ይጠጉና ይቀዳሉ። ብዙ ወራት እንዲህ አደረግን። አንድም ቀን ይብቃኝ አላልኩም፣ አንድም ቀን ይብቃህ አላሉኝም።

በቅርቡ አንድ ጠዋት ሳያንኳኩ ቀሩ። የውኃ ድምጽ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ብቻቸውን ናቸው፤ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠውታል። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ መለሱ፣ ነጠላቸው ላይ አደረቁት፣ እንደገና ዘረጉ። ቧንቧውን ያዙ። ጀሪካኑ እስኪሞላ፣ ሁለተኛው እስኪሞላ፣ እግራቸውን ታጥበው ቧንቧውን እስኪዘጉ ድረስ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀስኩም።